ቀለም የነካት ጣት

ኅዳር 5፣ ዓርብ

ይህ ደብተር የተሰጠኝ ዛሬ ወልድያ ላይ በነበረን ሥልጠና ነው። ቦርሳ፣ ደብተርና እስክሪብቶ። እስክሪብቶው ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ነጠፈ፤ ደብተሩ ግን ጥሩ ወፍራም ነው። ለልጄ ለትንሳኤ የሂሳብ መለማመጃ ልሰጣት አሰብኩና ሳሳሁ። እኔም በዚህ ዕድሜዬ አንድ የራሴ ደብተር ይኑረኝ።

ሥልጠናው ስለ ክትባትና ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ ነበር። የዘመቻው አስተባባሪ አለሙ፣ በሞንታርቦ መለፈፍ ቀርቷል፣ ሕዝቡ ያለው ስልኩ ውስጥ ነው አለን። ከአሁን ወዲያ እያንዳንዱ ከታቢ በቲክቶክም ሆነ በፌስቡክ ቪዲዮ ይለጥፋል። የዓርብ ሪፖርት ላይም ከተከተበው ሰው ቁጥር ጎን ቪዲዮውን ያየው ሰው ቁጥር ይሞላል። ከኋላ አንዱ፣ ያየ ሁሉ እንደ ተከተበ ይቆጠራል ወይ ብሎ ሲጠይቅ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አለሙ ግን አልሳቀም።

እኔ በሕይወቴ ቪዲዮ ሠርቼ አላውቅም። መርሳ ላይ መከተብ ከጀመርኩ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። መናኸሪያው ጋ "ሲስተር ጥሩወርቅ" እያለ ሰላም የሚለኝ ጎረምሳ ሁሉ አንድ ቀን እጄ ላይ አልቅሷል። ይኼ ከቲክቶክ አይበልጥም ወይ ብዬ ጠየቅኩ። አይበልጥም ተባልኩ።

ዘመቻው ኅዳር 22 ይጀመራል። የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ነው፤ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አራት ዓመት ላሉ ሴቶች ልጆች፣ አንድ መርፌ ብቻ። ለእኔ መጀመሪያ መርሳ፣ ከዚያ ግራና ደርሶኛል። ትንሳኤም አሥራ አንድ ዓመቷ ስለሆነ እሷም አለችበት።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

የመጀመሪያ ቪዲዮዬ ወጣ። "የክትባት ፍሪጅ የሙቀት አያያዝ" ይላል። ጋዎኔን አስተኩሼ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ፣ ፍሪጁ አጠገብ ቆሜ አራት ደቂቃ ሙሉ አወራሁ። እስካሁን አርባ አንድ ጊዜ ታይቷል። ከአርባ አንዱ አሥራ ሁለቱ እኔ ነኝ።

ባሌ አበባው ብቻውን ቁጭ ብሎ እስከ መጨረሻው አየው። ሲሪንቃ እርሻ ምርምር ነው የሚሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ማሽላ ሲለካ ስለሚውል ትዕግሥቱ ለጉድ ነው። እንዴት ነው ብዬ ስጠይቀው፣ ፍሪጁ ቆንጆ ወጥቷል አለኝ።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ትንሳኤ ካሜራ ማኔ ሆናለች። ዛሬ ስልኬን ተቀብላ ገና ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳልናገር አስቆመችኝ።

"እማ፣ እንደ ስብሰባ አታውሪ። እኔን እንደምትቆጪኝ አውሪ።"

እሺ ብዬ ወገቤን ይዤ ተቆጣሁ። ሴት ልጅ ያላችሁ፣ ይኼ መርፌ ከካንሰር የሚያድን ነው፣ ነገ ሆስፒታል ለሆስፒታል ከመንከራተት ዛሬ አንዴ ተወግቶ መገላገል አይሻልም ወይ፣ ወሬ እየሰማችሁ ልጆቻችሁን አትደብቁ አልኩ። ጓሮ ያለው ፓፓያ ሥር ነው የተቀረፀው፤ ዶሮዋም መሀል ገብታ አለፈች። እስከ ማታ ዘጠኝ ሺህ ሰው! በዶሮዋ የሳቀው ብዙ ነው፤ ግን አይቷል።

ኮሜንት ውስጥ አንዲት ዘሀራ የምትባል የግራና ሴት እንዲህ ጽፋለች፤ "እህቴ፣ መርፌው መካን ያደርጋል ይባላል። አራት ሴቶች ልጆች አሉኝ። ነገ ባይወልዱ ማን ይጠየቃል?"

ደሜ ፈላ። ወዲያው ሌላ ቪዲዮ ሠራሁና "እኔ እጠየቃለሁ! መርሳ ድረስ መጥተሽ ያዢኝ!" አልኳት። ይኼኛው ሠላሳ ስምንት ሺህ ገባ። በልብ ላይ ልብ። አለሙ ደውሎ አንቺን ያስተማረ ይባረክ አለኝ።

መካን የሚለውን ቃል ሳነብ ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት። ባትሪው ሊያልቅ ስለነበረ ነው።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

የጤና ባለሙያዎች የቴሌግራም ግሩፕ አለን። ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው ነው። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሲንጫጫ ዋለ። አንዱ የእናቶቹን ጥያቄ እየለጠፈ በሳቅ የሚንከባለል ፊት ይደረድራል። አንዲት አዋላጅ፣ አትሳቁባቸው፣ መልሱላቸው ብትል የሰማት የለም። አንድ ሐኪም አሥራ ሁለት ገጽ የእንግሊዝኛ ጥናት ላከ፤ ሁላችንም አውራ ጣት አደረግንለት፣ የከፈተው ግን ያለ አይመስለኝም። እኔ ልከፍተው ነበር።

ከዚያ ወልድያ ያለው ፋርማሲስት ፍቅሩ ጻፈ። "ከእናንተ ምን እደብቃለሁ፣ እኔ ለልጄ ትንሽ ልጠብቅ እያልኩ ነው።" ደቂቃ ሳይሞላ አጠፋው። እኔ ግን አይቼዋለሁ። "ፍቅሩ፣ ያጠፋኸውን አንብበነዋል። ባለሙያው ከፈራ ሕዝቡ ምን ይበል? ጋዎንህን አውልቅ!" አልኩት። ሠላሳ አንድ ልብ አገኘሁ። እሱ ከግሩፑ ወጣ።

እንደ ጀግና ተሰምቶኝ ወደ ቤት ገባሁ። አበባው ደግሞ የትንሳኤ ተራ መቼ ነው አለኝ። ሲደርስ ይደርሳል፣ ምን ያስቸኩልሃል አልኩት። ለምን በቁጣ እንደመለስኩለት እንጃ። ደክሞኛል መሰለኝ።

ኅዳር 19፣ ዓርብ

ላይቭ ገባሁ። አለሙ ነው ያስገደደኝ። ስድስት መቶ ሰው ገብቶ ሲጠይቀኝ ነበር። ክንድ ያብጣል ወይ? ትንሽ ያማል፣ በአንድ በሁለት ቀን ይተዋል። ወንዶቹስ ለምን አይወጉም? አንድ ሰውዬ ደግሞ የዶሮዋን ዋጋ ጠየቀኝ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ እውነቴን ነው፤ እንደዚያ ሁሉም ሰው አንድ ላይ የሚያናግረኝ ቀን ኖሮ አያውቅም።

ዘሀራም ገባች። በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅ ነው የጠየቀችው። ረጋ ያለ ድምፅ አላት።

"ሲስተር፣ አንቺ ሴት ልጅ አለሽ?"

"አለችኝ። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው።"

"ትወጊያታለሽ?"

"ከሁሉም ቀድማ!"

"በይ እንግዲያው፣ ወላሂ፣ እሷ ከተወጋች እኔም አመጣለሁ" አለች። ሕዝቡ አበባ አዘነበልን።

ትንሳኤን ያገኘኋት ተጋብተን ሰባት ዓመት ከቆየን በኋላ ነው። በእነዚያ ሰባት ዓመታት የአበባው እናት ቤታችን በመጡ ቁጥር ጓዳ ገብቼ እቆይ ነበር። እሳቸው ነፍሳቸውን ይማረውና አሁን የሉም። ይኼን ለምን አሁን እንደጻፍኩት አላውቅም። ስለ ላይቩ ነበር የምጽፈው።

ኅዳር 22፣ ሰኞ

ዘመቻው ተጀመረ። የትንሳኤ ትምህርት ቤት ነበርን። በዚህ ዙር የተከተበች ሁሉ የግራ እጇ ትንሿ ጣት ጥፍሯ ላይ ቀለም ይደረግባታል፤ በቶሎ አይለቅም። ሁለት ጊዜ እንዳይወጉ ነው። ልጆቹ ግን እንደ ጌጥ አዩት፤ ጣታቸውን ቀስረው ግቢውን ሲዞሩ ዋሉ።

ትንሳኤ ጠዋት ሁለቴ አሳላት። ስለዚህ ለአስተማሪዋ ጉንፋን ይዟታል፣ ትቆይ አልኩት።

ቀን ላይ ሦስት እናቶች መጥተው ልጆቻችን ጉንፋን ይዟቸዋል ይቆዩ ሲሉኝ፣ ጉንፋን አይከለክልም ብዬ ሦስቱንም ወጋሁ።

ኅዳር 23፣ ማክሰኞ

ቀን ሁለት። 312 ልጅ። እግሬ አብጧል። ሁለት ልጆች በፍርሃት ራሳቸውን ስተው ነበር፤ ውሃ ጠጥተው ተነሱ፣ ሳቁ። የትንሳኤ ሳል ለቋታል፤ ነገ ግን የሂሳብ ፈተና አለባት። ክንዷን ካመማት አትጽፍም። በግራዋ አይደለም የምትጽፈው፣ ግን ቢሆንም።

ኅዳር 24፣ ረቡዕ

ዘሀራ መልእክት ላከች። "ሲስተር፣ ልጅሽ ተወጋች? ሴቶቹ እኔን እየጠየቁኝ ነው። ፎቶ ካለሽ ላኪልኝ።" ከሥሯ አለሙ፣ የራስሽን ልጅ ፎቶ አሁኑኑ ልቀቂ፣ ግራና ከነገ ወዲያ ነው ይላል። ሁለት ጊዜ ደወለ።

ትንሳኤ ዳቦ በሻይ እየበላች ነበር። የዘመቻው ቀለም ጋዎኔ ኪስ ውስጥ ነበር። ጣትሽን አምጪ አልኳት። አመጣች። ትንሿ ጥፍሯ ላይ እንደሌሎቹ አድርጌ አሰመርኩ። መርፌውስ አለችኝ። ቅዳሜ፣ በእርጋታ፣ አልኳት። እንግዲህ ቅዳሜ ለመወጋቷ ረቡዕ ላይ ምልክት ማድረግ ይህን ያህል ወንጀል አይደለም። ቀኑ ነው የቀደመው።

ፎቶውን አንስቼ "የኔዋ ጨርሳለች፣ የናንተስ?" ብዬ ለጠፍኩ። በሁለት ሰዓት ስድሳ አንድ ሺህ። አለሙ ዞኑ ሁሉ እያወራልሽ ነው አለ። እራት አልበላ አለኝ።

ኅዳር 26፣ ዓርብ

ግራና። መኪናው ሲደርስ ገና አንድ ሰዓት ከሩብ ነው፣ ግቢው ሙሉ ነበር። ጤፍ አጨዳ ትተው የመጡ እናቶች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ማጭዳቸውን እንደያዙ። አንድ መቶ ጠብቀን ሁለት መቶ ስድሳ ሆኑ። ክትባት አልቆብን መርሳ ላክን። አሥራ ስምንት ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ ሰልፍ አይቼ አላውቅም፣ አልዋሽም፣ ደስ ይላል።

ዘሀራ ከፊት ነበረች። በዕድሜ እኩያዬ ናት፤ ረጅም፣ የስልኳ መስተዋት የተሰነጠቀ። አቅፋ ሳመችኝ፤ አህለን፣ ቪዲዮ ላይ ወፍራም ትመስያለሽ አለችኝ። ከዚያ ስልኳን ከፍታ ፎቶውን ለሴቶቹ አዙራ አሳየች።

"እኛ የመጣነው በዚች ጣት ነው" አለች።

ሦስት ልጆቿን በእጄ ወጋሁ። አንዴም አላመነታሁም። ለምን አመነታለሁ፣ መድኃኒቱን አውቀዋለሁ። ትንሿ ከድጃ ግን ሲሪንቃ አክስቷ ጋ ሄዳለች፤ ታኅሣሥ 6 የቀሩትን ለማዳረስ ስንመለስ አመጣታለሁ ብላለች።

ምሳ እምቢ አልኩ። ጾም ነው አልኳቸው። ያቀረቡልኝ ሽሮ ነበር።

ኅዳር 28፣ እሑድ

ትናንት ቅዳሜ ነበር። እንግዳ መጣብን።

ዛሬ አበባው ከጓሮ ገብቶ፣ ትንሳኤ ለጓደኞቿ የተወጋሁት ግራ ክንዴን ነው፣ ክፉኛ አሞኝ ነበር ስትል ሰማሁ አለኝ። ባለፈው ለእኔ ደግሞ ቀኜን ነው ብላኝ ነበር አለ። ከዚያ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። እሱ ሲቆጣ አይጮኽም፤ ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር።

ሁሉንም ነገርኩት። እየጠበቅኩ ነው፣ ትንሽ ጊዜ ነው አልኩት።

"ጥሩዬ፣ እኛ ዘሩን ለገበሬው ከመስጠታችን በፊት በራሳችን መሬት ላይ እንዘራዋለን" አለኝ።

ልጄ ማሽላ አይደለችም ብዬ ጮኽኩበት። እሱ ወጥቶ ፓፓያውን ሲያጠጣ ቆየ። ትናንትም አጠጥቶት ነበር።

ኅዳር 29፣ ሰኞ

ትንሳኤ ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን ሳታወርድ ጠየቀችኝ።

"እማ፣ መርፌው መጥፎ ነው?"

አይደለም አልኳት።

"ታዲያ እኔን ለምን ደበቅሽኝ?"

አልደበቅኩሽም፣ ልጠብቅሽ ብዬ ነው አልኳት። ትንሽ አሰበች። ልጅ ስታስብ ፊቷ ላይ ይታያል።

"የግራና ልጆች እናታቸው ነርስ ስላልሆነች ነው የተወጉት?"

 ጓዳ ገባሁ። ያቺው ጓዳ።

እንግዲህ ይጻፍ። ፈርቼ ነው። ጥናቱን አንብቤዋለሁ፤ ያ ሐኪም የላከውን አሥራ ሁለቱንም ገጽ ከፍቼ ሁለቴ አንብቤዋለሁ፤ መርፌው ዘሀራ ያለችውን እንደማያደርግ እንደ ስሜ አውቃለሁ። ነገር ግን ያቺ ቃል ሰባት ዓመት ሙሉ የኔ ስም ነበረች። የአበባው እናት በር ላይ ቆመው ለጎረቤት ሲነግሩልኝ የሰማኋት ቃል ናት። ልጄን እንዳትነካብኝ ፈራሁ። ዘሀራም የፈራችው ይችኑ ነው፤ እሷ ግን ፍርሃቷን በአደባባይ ጠየቀች። እኔ የእሷን ሦስት ልጆች ወግቼ የራሴን በቀለም ሸፈንኩ። እንደዚህ ያለች ሴት ነኝ።

ኅዳር 30፣ ማክሰኞ

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ በሽተኛ ሳይመጣ፣ ሦስታችን ጤና ጣቢያ ገባን። አበባው የትንሳኤን ቀኝ እጅ ያዘ። በግራዋ ወጋኋት። "ይኸው ነው?" አለች። ይኸው ነው አልኳት። ከእሷ ይልቅ አበባው ነው ዓይኑን የጨፈነው። ስልክ ያነሳ ሰው አልነበረም።

ከዚያ እኔና እሷ በባጃጅ ግራና ሄድን። ዘሀራ ከቲክቶክ ቀድማ ከእኔ አፍ መስማት አለባት ብዬ ነው። አውድማ ላይ አገኘናት። መንገዱን ሁሉ ስዘጋጅ ነበር፤ ስደርስ ግን ንግግሬ ጠፋኝና አጠር አድርጌ ነገርኳት። ፎቶው ውሸት ነበር፤ ያን ዕለት አልተወጋችም፤ የተወጋችው ዛሬ ጠዋት ነው።

የያዘችውን መንሽ አስቀመጠች። ከዚያ፣ ልጆቼን ስትወጊ ያንቺ እንዳልተወጋች ታውቂ ነበር አለችኝ። አዎ አልኳት።

"መድኃኒቱን ታምኚዋለሽ?"

"አምነዋለሁ። ለልጆችሽ የሚጎዳ ነገር አልሰጠሁም። ግን ወደ ልጄ ስመጣ እናት ሆንኩ።"

"እኛስ ምንድን ነን?" አለችኝ።

ትንሳኤን ግን ጠርታ አመመሽ ወይ፣ አብሽሪ፣ አይዞሽ ብላ ክንዷን ዳበሰቻት፣ ዘይቱና ሞልታ በፌስታል ሰጠቻት። ለእኔ ደህና ዋይም አላለችኝ። ከድጃን ታመጫታለሽ ወይ ብዬ መጠየቁን ተውኩት።

ታኅሣሥ 1፣ ረቡዕ

ለጠፍኩት። ጋዎን የለ፣ ዶሮ የለ። ፎቶው ውሸት እንደነበር፣ ልጄ ትናንት እንደተወጋች፣ የፈራሁትም ክትባቱ መጥፎ ሆኖ ሳይሆን ራሴ ባለፍኩበት ነገር እንደሆነ ተናገርኩ። ይቅርታ ጠየቅኩ። ሁለት ደቂቃ ከአሥር።

እርግጫው መጣ። ውሸታም፣ ሌባ፣ እናንተ ያልወሰዳችሁትን ለኛ። አንዱ ዶሮዋ ከአንቺ ትሻላለች አለ፤ በዚህ ሳቅኩ። ግሩፑ ውስጥ ትናንት ልብ ሲሰጡኝ የነበሩት ጋዎንሽን አውልቂ አሉኝ። የኔው ቃል ነው፤ ምን እላለሁ።

ፍቅሩ ጋ ደወልኩ። ሌላ ይቅርታ ነበረብኝ። ስሜን ስነግረው በጣም ሳቀ። የእሱ ልጅ በዘመቻው በሁለተኛው ቀን ተወግታለች። "ያን ዕለት አንድ ሰው አይዞህ፣ እስቲ ምን አስፈራህ ቢለኝ ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ትወጋ ነበር" አለኝ።

እኔ ደግሞ ሠላሳ አንድ ልብ ቆጥሬ ነበር የተኛሁት።

ታኅሣሥ 3፣ ዓርብ

አለሙ በሞተር ሳይክል ቤት ድረስ መጣ። ኮስተር ብሏል። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይዟል፤ ለአንድ ወር መርፌ እንዳልይዝ፣ ምዝገባ ላይ ብቻ እንድቀመጥ። ዘመቻውን ገደል ከተትሽው፣ ግራና ሰኞ ባዶ ቢሆን ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ አለኝ። ልክ ነህ ብዬ ፈረምኩ።

ከፈረምኩ በኋላም አልሄደም። ውሃ ጠየቀ። ስለ አበባው ማሽላ ጠየቀ። ዞር ስል ከሞተሩ ጀርባ አንዲት ልጅ የትምህርት ቤት ሹራቧን እንደለበሰች ቆማለች። የእሱ ልጅ ናት። ትንሿ ጥፍሯ ላይ ቀለም አለ።

አለሙ ቀለሙን ስመለከት አየኝ። ጆሮው ቀላ።

"እናቷ ናት እምቢ ያለችው" አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ "እኔም ነኝ" አለ።

መርፌ እንዳልይዝ አሁን ያስፈረመኝ ሰው ነው! ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ አበባው ከጓዳ ወጥቶ እሱም ሳቀ፤ መጨረሻ ላይ አለሙ ራሱ ግድግዳ ተደግፎ ሳቀ። ለተረኛዋ ቤተልሔም ደወልኩላትና ጤና ጣቢያ ወስደናት ተወጋች። ቤተልሔም ወጣት ነርስ ናት፤ ሰኞ ግራና ላይ የምትወጋውም እሷ ናት። በመንገድ ላይ ትንሳኤ ለአለሙ ልጅ፣ የትኛው ክንድሽ እንደሆነ አትርሺ፣ አባቶች ይጠይቃሉ ስትላት ሰማኋት።

ታኅሣሥ 6፣ ሰኞ

ግራና። ዘጠና ልጅ ቀርቶናል። እስከ አራት ሰዓት የመጡት አሥራ አንድ ናቸው። ሴቶቹ ከአጥሩ ውጭ ዋርካው ሥር ቆመው እኔን ያያሉ፤ ጥቂቶቹ ቀርበው ነበር፣ መዝገቡ ፊት መቀመጤን ሲያዩ ተመለሱ። ቤተልሔም የክትባት ሳጥኗን ከፍታ ትዘጋለች። አለሙ ሰዓቱን ያያል። እኔም ብሄድ ይሻል ይሆን እያልኩ ነበር። ውሸቴ የኔን አንገት ብቻ ቢያስደፋ ምን ነበረበት፤ የሰው ልጆች ያለ ክትባት ሊቀሩ ነው። አፈርኩ፤ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

አራት ተኩል ላይ ዘሀራ መጣች። ከድጃን በእጇ ይዛለች፤ ዘጠኝ ዓመት የማይሞላት የምትመስል ቀጭን ልጅ ናት፣ አሥር ሞልቷታል። ዋርካው ሥር ካሉት ሴቶች ጋ ደርሳ ቆመች። ትንሽ አወሩ። ከዚያ ብቻዋን ወደ እኛ ተሻገረች።

ስም መዘገብኩ፣ ዕድሜ መዘገብኩ። ቀና ብዬ አላየኋትም። ቤተልሔም መርፌውን አዘጋጅታ ነይ እናት አለቻት። ከድጃ ልትሄድ ስትል ዘሀራ ትከሻዋን ይዛ አስቀረቻት።

"አንቺ አይደለሽም፣ የኔ እህት። ቅር አይበልሽ" አለቻት። ወደ እኔ ዞረች። "ይቺ ትውጋልኝ።"

ተከልክያለሁ፣ ደብዳቤ አለ አልኳት። አለሙን አየችው። አለሙ ጉሮሮውን ጠረገና ወደ መኪናው አየ፤ ከዚያ መዝገቡን ከፊቴ አንስቶ ራሱ እስክሪብቶ ያዘ።

"ዋሽተሽኝ ልጆቼን ወግተሻል። እሱ በሆዴ አለ፣ ወላሂ በቀላሉ አይወጣም" አለች ዘሀራ። "ግን ሦስቱን ስትወጊ የኔን ፍርሃት አታውቂውም መስሎኝ ነበር። ለካስ ታውቂዋለሽ። ይቺን እያወቅሽው ውጊልኝ።"

ተነሳሁ። ጓንት አደረግኩ። አሥራ ስምንት ዓመት ስወጋ አንዴም አድርጌው የማላውቀውን፣ ያነሳሁትን መርፌ መልሼ ትሪው ላይ አስቀመጥኩት።  ዋርካው ሥር ያሉት ሴቶች አንድ ሁለት እርምጃ ቀረቡ።

ከድጃ እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ሰብስባ ክንዷን አቀረበችልኝና ቀና ብላ አየችኝ።

"አብሽሪ፣ ሲስተር" አለችኝ።